ከታሪኩ የተፋቀ ስም

ሰኞ ጠዋት ስሟን ፈልጋ አጣችው።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ዓይኗን ነው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን። አጥፍታ አበራችውና እንደገና ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ስድሳ አንድ ቦታ ተጽፎ የነበረ ስም ዛሬ አንድም ቦታ የለም። የሁለት ወር ልፋቷ በሰፈረበት ላይ አንዲት መስመር ብቻ ተጋድማለች፦ «የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ክፍል፤ ተጠናቋል።» ከመስመሯ ጎን የሠሪው ስም አለ።

የምትወደው ሰው ስም ነበር።

ቢሮው ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ሰባት ጠረጴዛ፣ ዘወትር የሚንጠባጠብ የውሃ ማጣሪያ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ብድግ የሚል መጋረጃ። እዚያ ውስጥ ሰባት ሰዎች ክሊኒኮች ለሕመምተኞቻቸው መድኃኒት የሚያዙበትን ፕሮግራም ይሠራሉ። ሰባቱም የሚጽፉት በአንድ የጋራ ኮድ ላይ ነውና፣ ማንም ሰው አንዲት ፊደል በለወጠ ቁጥር ማን፣ መቼና ለምን እንደለወጠ የሚመዘገብበት ዝርዝር አለ። እነሱ «ታሪኩ» ይሉታል። አንድ ነገር ሲበላሽ ታሪኩን ወደ ኋላ እየገለጡ የተበላሸባትን ቀን ይደርሱባታል። ታሪኩ የተምታታ እንደሆነ ግን ጥፋትን ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

እሷን «ነጠላ ሰረዝ» ይሏታል። ሥራ በጀመረች በሳምንቷ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ዘልላ የስድስት ክሊኒክ ሥራ ግማሽ ቀን ስላስቆመች የወጣላት ስም ነው፤ እንደወጣም ቀረ። እሱን ደግሞ «ታሪከኛው» ይሉታል። አንድም ታሪኩን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚጠብቅ፣ አንድም ፊቱን ኮስተር እንዳደረገ ሰውን በሳቅ ስለሚገድል።

ፍቅራቸው የተጀመረው በጽሑፍ ነው። የአንዱ ሥራ ወደ ጋራው ኮድ ከመግባቱ በፊት ሌላው አይቶ ማለፍ አለበት፤ የእሷን የሚያየው እሱ ነበር። ከጎኑ አጭር አጭር ማስታወሻ ይተውላታል። «ምን እንደለወጥሽ ኮዱ ራሱ ይናገራል። ለምን እንደለወጥሽው ግን ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ለምንሽን ጻፊልኝ» አላት በመጀመሪያው። ጻፈችለት። ሌላ ቀን፣ «አንድ ለውጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ። ሦስት ነገር ባንድ ትንፋሽ ስታወሪ ልብሽ የቱ ጋ እንዳለ አይታወቅም» አላት። ይህቺን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። እያደር ማስታወሻዎቹ ከኮዱ ራቅ ራቅ ማለት ጀመሩ። «ዛሬ አልሳቅሽም። ሥራሽ ግን ደህና ነው።» አንድ ቀንማ፣ ከመቶ መስመር ሥር፣ «ነገም እዚሁ ትቀመጪያለሽ አይደል?» የምትል ብቻዋን የቆመች ጥያቄ አገኘች። ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ይሁን በክንፍ ለራሷም አልታወቃትም።

በማንኛውም ነገር ይስቃል፤ በአንድ ሕግ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። «የራስሽን ረቂቅ እንዳሻሽ ሰርዢ፣ ደልዢ» ይላታል፤ «አንዴ ለሰው ካካፈልሽው በኋላ ግን እንዳትነኪው። ሌሎቻችን በላዩ ላይ ቤት ሠርተንበታል።»

ይህን ያላት ሰው ነው እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ማንም በሌለበት ገብቶ የሁሉንም ታሪክ አፍርሶ የጻፈው። ለሁሉም፣ «በእጃችሁ ያለውን ቅጂ አጥፍታችሁ አዲሱን ውሰዱ» የሚል መልእክትም ልኳል። ምክንያቱን አልጻፈም።

የሐሙሱ ነገር ትዝ አላት።

ሐሙስ ዕለት እናቱ አስጠርተዋት ነበር። የቢሮው ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። የእሷ እናት ደግሞ የዚያን ቢሮ ወለል መወልወል ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሆኗት ግን የሐሞት ጠጠር በቀዶ ጥገና አውጥታ እቤት ተኝታለች።

«ተቀመጪ ልጄ» ብለዋት ነበር እትዬ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «እናትሽ እንዴት ሆነችልሽ?»

«ደህና ናት እትዬ፤ ቁስሉ እየጠገገ ነው።»

«ይማራት። ቦታዋን ለማንም አልሰጥባትም፤ ንገሪያት።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ልጄ ከሕፃንነቱ አንጀቱ ስስ ነው። ትምህርት ቤት ሳለ ምሳ ያልያዘ ካየ የራሱን ሰጥቶ ጦሙን ይመጣ ነበር። ማዘንና መውደድ ከሩቅ ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ። አንቺ ደግሞ ብልህ ልጅ ነሽ።»

ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ክፍል ስትወጣ ግን ጀርባዋን ሰው የሚያያት እየመሰላት ቀሚሷን ጎተት አድርጋ ነበር።

አሁን ተነሳች። ደረጃው ላይ አገኘችው፤ ጢሙን አልተላጨም፣ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ስሜ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። አልሸሸም።

«ለምን?»

«ታሪኩን ማጽዳት ነበረብኝ። የሆስፒታሉ ሰዎች ከሰዓት ይመጣሉ።»

እውነቱን ነው፤ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጋር ሊዋዋሉ ስለነበር መርማሪዎች መጥተው ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ሊያዩ ቀጠሮ ነበራቸው።

«እና ቆሻሻው እኔ ነኝ?»

«እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው? ‹ለምንሽን ጻፊልኝ› ስትለኝ የኖርከው አንተ! እስቲ ለምንህን ንገረኝ።»

የደረጃውን ብረት ጨበጠና «አልችልም» አለ። «እመኚኝ ብቻ።»

«አዝነህልኝ ነበር?»

«ምን?»

«እናቴ ጎንበስ ብላ ወለላችሁን ስትወለውል አይተህ። ይሄ ሁሉ ማስታወሻ፣ ይሄ ሁሉ ደግነት… አዝነህልኝ ነው?»

ፊቱ አመድ ለበሰ። ሊናገር አፉን ሲከፍት በላይ በኩል በሩ ተከፈተና እትዬ ብቅ አሉ። «ና እስቲ፣ ከሆስፒታሉ ደውለዋል» አሉት። እናቱን አየ። እሷን አየ። እንደገና እናቱን አየና ደረጃውን ወጣ።

ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችው። ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወረደች፤ ወደዚያ ቢሮም አልተመለሰችም።

*

ሰባት ወር አለፈ።

አዲሱ ሥራዋ የአውቶቡስ ጣቢያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ትኬት የሚቆረጥበትን ፕሮግራም ትጠግናለች። መስኮቷ ሥር አውቶቡሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ሰዎች ሲተቃቀፉ ታያለች፣ ወዲያው ዓይኗን ትመልሳለች።

በመጀመሪያው ወር ከእሱ አምስት ደብዳቤ መጥቶላት ነበር፤ በወረቀት፣ በፖስታ የታሸገ። አምስቱንም ሳትከፍት በእናቷ እጅ መለሰችለት። አምስተኛውን ስትመልስ ፖስታውን ወደ ብርሃን አንስታ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ጥላ ይታይ ነበር። ቢሆንም መለሰችው።

እናቷ ከሕመሟ አገግማ ወደዚያው ቢሮ ተመልሳለች። ልጇ ብትቆጣ ብትለምን እንቢ አለች። «ቂም የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ ወለሉ ምን አደረገኝ?» አለቻት። ሳትጠየቅ ወሬ ታመጣለች፤ ለብቻዋ እንደምታወራ ሆና፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«ያንን ልጅ ከኮዱ ሥራ አንስተውታል አሉ። ስልክ ነው የሚያነሳ። ደረጃው ሥር የእኔ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ክፍል አልነበረችም? የእኔን መጥረጊያ አስወጥተው እሱን አስገቡት።»

«አይመስለኝም» አለች ልጇ። «ሥራዬን የወሰደው ሊያድግበት እንጂ ስልክ ሊያነሳበት አይደለም።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ስጠርግ እግሩን ያነሳልኛል።»

ያን ምሽት እራቷን አልበላችም። ነገሩ አልገጥም አላት። ያልገጠመን ነገር ደግሞ ዝም ብላ እንዳታልፍ ያስተማራት ራሱ እሱ ነበር።

አንድ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጋሼ መጡ። ከቀድሞው ቢሮ ሰባት ሰዎች አንጋፋው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ያቺን ክዳኗ በፕላስተር የተያያዘ አሮጌ ላፕቶፓቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«ላስረክብ ብዬ ስከፍታት» አሉ፣ እየተነፈሱ፤ «እዚህ ውስጥ አንቺ አለሽ።»

«እንዴት?»

«ያኔ ‹ቅጂያችሁን አጥፉ› ሲባል ሁሉም አጠፋ። እኔ ግን እንዲህ ያለው ትእዛዝ ለወጣቶች ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ በአዲሱ ማሽን ስሠራ ይቺን ከፍቻት አላውቅም። ስንፍናም አንዳንዴ ይጠቅማል። ነይ እዪ።»

አየች። ስድሳ አንዱም አሉ፤ እያንዳንዱ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ፣ ከነስሟ። የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው እየሳቀች ወደ ታች ወረደች። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ።

በሠላሳ ስምንተኛው ለውጥ አንድ ፋይል ጨምራ ነበር። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ የጻፈችው አንዲት ቃል ናት፦ «ለሙከራ።» ፋይሉን ከፈተችው። ስም። ዕድሜ። ስልክ ቁጥር። ደዌ። የሚወስዱት መድኃኒት። ስም። ዕድሜ። ስልክ ቁጥር። ደዌ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የፈጠራ ስሞች አልነበሩም፤ ክሊኒኮቹ አምነው የሰጧቸው እውነተኛ ሕመምተኞች ናቸው።

ቀኑን አየችው። እናቷ ቀዶ ጥገና የገባችበት ቀን ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗ በሩ ላይ፣ ቶሎ ልጨርስ ብላ… ማስመሰያ ስሞች መጻፍ ሲገባት እጇ ላይ የነበረውን እውነተኛ ዝርዝር እንዳለ አስገባችው። እሱም በማግሥቱ አምኗት፣ ደግሞም አዝኖላት፣ ሥራዋን በችኮላ አሳለፈው። ከዚያ ሁለቱም ረሱት።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የዚያን ሰኞ ቢሮ ውስጥ ምን ተባለ?»

አዛውንቱ ግንባራቸውን አሹ። «እትዬ ሲጮኹ በግድግዳው ሰማሁ። ‹አንተ ነህ ይህን የሠራኸው?› አሉት። ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አላቸው። ‹ይህ› ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር።»

አሁን ሁሉም ገጠመ። ቅዳሜ ዕለት ለመርማሪዎቹ ሲዘጋጅ መስመር በመስመር ወርዶ አገኘው። ፋይሉን ብቻ ዛሬ ቢያጠፋው ትናንቱ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ ታሪኩን ራሱን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ስድሳውን በስሟ ትቶ አንዱን ቢያወጣ ጉድለቱ ያስጠይቃታል። ሁሉንም ወደ አንድ አጠፈና በላዩ የራሱን ስም ጻፈ፤ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ከእሷ በፊት እሱን እንዲያገኝ።

ከመስኮቱ በታች አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ጋሼ ውሃ አቀበሏት። ብርጭቆውን ተቀብላ ረሳችው። ሰባት ወር ሙሉ ልቧ ውስጥ ሌባ ብላ ያሰረችው ሰው አንድ ጊዜም «አልሰረቅሁም» ብሎ አልጮኸም ነበር፤ ከሁሉ አብልጦ ያንገበገባት እሱ ነው።

*

ክፍሏ በእርግጥም ደረጃ ሥር ነች። በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ ጣሪያው ጋ አንድ ጠባብ መስኮት። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ በስልክ ያወራል።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» ይላል፤ «የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ?»

ድምፁን ለየችው። ያችን ለስላሳ ድምፅ ታውቃታለች፤ ድሮ የእሷ ብቻ ነበረች። ስልኩን ዘግቶ ሲዞር አያትና ወንበሩን እንደያዘ ቀረ።

«ሠላሳ ስምንተኛው» አለችው።

ሌላ ምንም አላስፈለገም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ጋሼ ቅጂያቸውን አላጠፉም ነበር።»

ድንገት ሳቀ፤ አጭር፣ የደከመው ሳቅ። «ጋሼ! ሁሉን አስቤ ጋሼን ረሳሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ወጥቼ እናገር ነበር!»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።» ዓይኑን አላነሳም። «እናትሽ ገና ከአልጋ አልተነሱም። አንቺ በወጣሽ ቀን እሳቸውም ይወጡ ነበር። ደግሞ እኔም ሳላይ አሳልፌዋለሁ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው ብዬ…»

«ታዲያ ግማሹን ለእኔ ተውልኝ! ስህተቴ የእኔ ነው። ከስድሳ አንዱ ሁሉ ይበልጥ የእኔ የሆነው እሱ ነው።» እንባዋ አመለጣት። «አዳንከኝ አይደል? ስታድነኝ ምን እንደወሰድክብኝ ታውቃለህ? ሰባት ወር ጠላሁህ። በየጠዋቱ እየተነሳሁ፣ ኮቴን እየለበስኩ፣ እየጠላሁህ ሥራ ሄድኩ። ያን ሁሉ ጠዋት ማን ይመልስልኛል?»

«አምስት ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።»

«እውነቱን ጽፈህበት ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። «አይ። ናፍቆቴን ብቻ።»

ይህን ሲል እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ያኔ ነው ቀለበቱን ያየችው። እሱም እንዳየችው አየ። እጁን አልደበቀም።

«ነርስ ናት» አለ፣ በዝግታ። «ከወንዝ ማዶ ካለው ክሊኒክ። ፕሮግራሙ ስለሚያስቸግራት በየቀኑ ትደውል ነበር። አንድ ቀን ምንም ሳያስቸግራት ደወለች።»

«ጥሩ ሰው ናት?»

«በጣም።»

«ስለ እኔ ታውቃለች?»

«ሁሉንም። ‹ከመጣችስ?› ትለኛለች። ‹አትመጣም› እላታለሁ።»

መጥፎ ሴት ብትሆን በወደደች። እትዬ ለሀብቷ ብለው የመረጡለት፣ የማይወዳት ብትሆን። ይህቺ ግን በዚያች የመጥረጊያ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲቀር በስልክ ያገኘችው፣ የደገፈችው ሴት ናት። አንድ ክፉ ቃል ፈልጋ አጣችላት። በሩን ይዛ ቆመች።

«ሕመምተኞቹስ?» አለች በመጨረሻ።

«ከሰባታችን በቀር ያየው የለም። አጣርቻለሁ።»

«ግን አልነገርናቸውም።»

«አልነገርናቸውም» አለ።

«እንግዲያው ላይ ቤት ልወጣ ነው። እንዳትከተለኝ።»

*

እትዬ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሟት። በሰባት ወር ውስጥ አርጅተዋል። ስትጨርስ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«አውቄው ነበር» አሉ። «ልጄን ታሪኩን ለምን እንዳፈረሰ ስጠይቀው ስለ ዝርዝሩ ነገረኝ፤ ‹እኔ ነኝ› ሲለኝ ግን ዓይኔን አላየኝም። ሲዋሽ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«ዝም ማለቴ ጠቀመኛ።» ድምፃቸው ውስጥ ኩራትም ጸጸትም አልነበረም፤ ድካም ብቻ። «መርማሪዎቹ አዩ፣ ሄዱ፣ ተዋዋሉ። አንቺም ሄድሽልኝ። ስልክ ላይ ያስቀመጥኩት እውነቱን እስኪናገር ብዬ ነበር፤ አልተናገረም። ከእኔ ጋር ምሳ መብላት ካቆመ ሰባት ወሩ ነው። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁልሽ፤ ልጄን ግን የለኝም።» ዞር ብለው አዩአት። «ምን ትፈልጊያለሽ? ቦታሽን?»

«ቦታዬን አልፈልግም። ስሜን ነው የምፈልገው። ከነስህተቱ። ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱም ሰዎች ደግሞ መንገር እፈልጋለሁ።»

«ክሊኒኮቹ ይሸሹናል። ሆስፒታሉም።»

«ይሸሹ ይሆናል።»

እትዬ መነጽራቸውን አነሱ፣ መልሰው አኖሩ። «የእናትሽ ልጅ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ወንበር ሥር ወርቄ ወድቆ ሦስት ቀን ሙሉ እየተመላለሰች ‹የማን ነው?› ስትል ነበር። ለክሊኒኮቹ እኔው ራሴ እነግራለሁ። ለሰዎቹ ግን ከዚህ ቤት ስልክ ደውሉ። ሁለታችሁም። ያበላሻችሁት አንድ ላይ ነው።»

*

ሦስት ቀን ደወሉ።

በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው፤ ሁለት ስልክ፣ ሁለት ዝርዝር፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ስድስት ሰው። «ስሜ እንዲህ ነው። ስለ ጤናዎ የተጻፈ መረጃ በእኔ ስህተት ከማይገባው ቦታ ገብቶ ነበር። ተወግዷል። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የደወልኩት።» እሱም እንዲሁ ይላል። ድምፃቸው ይደራረባል። አንዳንዴ ሁለቱም እኩል «ይቅርታ» ይሉና ቀና ብለው ይተያያሉ።

አንዱ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ተሳደበባት፤ እስኪበቃው ሰማችው። አንዱ «የምን ሕመም? እኔ ጤነኛ ነኝ!» ብሎ ዘጋባት። አንዲት ወጣት ሴት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባሌ አያውቅም… አየው እንዴ? ማን አየው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ከቢሯችን ሰዎች በቀር ማንም አላየውም እህቴ፤ በእናቴ ይሁንብኝ፤ ማንም» እያለች ስታባብላት፣ «ለሙከራ» ብላ የጻፈቻት አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ገባት። ስልኩን ዘጋች። እሱ አልነካትም። የውሃውን ብርጭቆ ብቻ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ይቅርታዋን ከሰሙ በኋላ፣ «እኔማ ልጄ፣ ስለ ደዌዬ የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኔ! እስቲ ደግሞ ነገም ደውይ» አሏት። ሳቀች፤ ምን እንዳሏት ስትነግረው እሱም ሳቀ። ለአንዲት ደቂቃ ያ የድሮው ነገር ክፍሏን ሞላው፤ ሁለቱም እኩል ተሰማቸው፤ ሁለቱም እኩል ወደየዝርዝራቸው አቀረቀሩ። ቢናገሩት ኖሮ ምናልባት… ግን ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት እሱን አምና ተቀምጣለች። በሰው እምነት ላይ ጥፋት ሠርተው ይቅርታ ሲጠይቁ እየዋሉ ሌላ ጥፋት ሊጀምሩ አልቻሉም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ክሊኒኮች ውላቸውን አፈረሱ። ሆስፒታሉ «እናስብበት» አለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የመጨረሻውን ቁጥር ጨረሰች። ታሪኩን አሁን እንደገና ማፍረስ አይገባም፤ በላዩ ላይ ይጨመራል እንጂ። በእትዬ ፈቃድ ላፕቶፑን ከፈተችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«በዚህ ክፍል ያለው ሥራ የእኔ ነው። በመካከሉ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሕመምተኞች ዝርዝር በስህተት አስገብቼ ነበር። ያገኘውና ያስወገደው ባልደረባዬ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ለሁሉም ነግረናል።» ከሥሩ ስሟን አሰፈረች።

እንደ ድሮው እሱ አይቶ እንዲያሳልፈው ማሽኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ቀስ ብሎ አነበበው። ሁለተኛ አነበበው።

«እኔ ለምን እንደዋሸሁ አልጻፍሽም» አለ።

«እሱ የዚህ ታሪክ አይደለም። የእኔ ነው፤ ይዤው እሄዳለሁ።»

ዓይኖቹ ሞሉ። «አዝኜልሽ አልነበረም» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ያን ቀን ደረጃው ላይ የጠየቅሽኝ… አንድ ቀን እንኳ አዝኜልሽ አላውቅም። ስትገቢ ክፍሉ ስለሚበራልኝ ነበር።»

ሰባት ወር የጠበቀችው መልስ ይህ ነበር። ሲመጣ ግን እንደዚህ ያማል ብላ አላሰበችም።

ስልኩ ጠራ። ሁለቱም ማን እንደሆነች አወቁ፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትደውላለች። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ስልኩ ጠራ። እሷን ብቻ ያያል። ስልኩ ጠራ።

«አንሳው» አለችው።

«ቆይ…»

«አንሳው። ሰው ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ።»

አነሳው። «አቤት» ሲል በሩን ዘግታለት ወጣች።

እናቷ ሥራዋን ጨርሳ የልብስ ቦርሳዋን ይዛ ከሕንፃው በር ላይ ትጠብቃት ነበር።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን እማዬ።»

ሌላ አልጠየቀቻትም። ክንዷን ያዘቻት። በሰው ጎርፍ መካከል ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ሲሄዱ ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ እንደ ምንም ትራመድ ነበር።

«አልቅሺ ልጄ» አለች እናቷ፣ ፊት ፊቱን እያየች። «እዚህ ማን ያውቀናል?»

ያኔ አለቀሰች። በቀን ብርሃን፣ ከሥራ በሚመለሰው ሕዝብ መካከል፣ ፊቷን በእጇ ሳትሸፍን። ሰዎች ግራና ቀኝ እየተከፈሉ ያልፏቸው ነበር፤ እናቷ እርምጃዋን በእሷ እርምጃ ልክ አሳጠረች።